የላቀው አቻ

በማንኩሳ ዙሪያ የገና ጨዋታ የዋዛ ነገር አልነበረም። ኅዳር ጽዮን ስትውል ሩሯ፣ ከእንጨት የተጠረበችው ኳስ፣ ትወጣለች፤ እስከ ገና ድረስ በየሰንበቱና በየበዓሉ፣ ከጊዮርጊስ በታች ባለው መስክ ዱላ ከዱላ ሲንጣጣ ይውላል። ሳምንቱን ሙሉ ጤፍ ሲያጭድ የሰነበተ ሰው፣ በበዓል ቀን አርፎ እንደ መቀመጥ ቅልጥሙን ለማስመታት ይሮጣል። እረፍት የማይወድ ፍጥረት!

ላቀው የዚህ መስክ ልጅ ነው። ለወሬ ሰነፍ፣ ለሩጫ ግን ጉድ። ሩሯ አንዴ ከዱላው ሥር ከገባች የሚያስቆመው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እንዳለው የሚባል አብሮ አደጉ፣ አቻው።

አቻ እንግዲህ እንዲህ ነው። ቡድን ሲከፈል በጉልበትና በፍጥነት የሚመጣጠኑ ሁለት ሰዎች ገለል ብለው ለየራሳቸው ስም ያወጣሉ። ከዚያ ተያይዘው ሁለቱ የጨዋታ አባቶች ፊት ይቀርባሉ። አንደኛው አባት ከሁለቱ ስም አንዱን ይመርጣል፤ ባለስሙ ወደ እሱ ይሄዳል፣ የቀረው ወደ ሌላው። ስለዚህ አቻህ ምንጊዜም ባላጋራህ ነው። ላቀውና እንዳለው አብረው አርሰው፣ አብረው በልተው፣ በአንድ ወገን ቆመው ግን አንድ ቀን ተጫውተው አያውቁም። ስማቸውም አይለወጥም፤ ላቀው «ግራር» ነው፣ እንዳለው «ወይራ»። አገር ያወቀው ምስጢር ነው። ሁለቱ የጨዋታ አባቶች፣ አያ ዘሩና አያ መንበሩ፣ ግን በየዓመቱ እንዳልሰማ ሆነው ይመርጣሉ።

እንዳለው በመስኩ ጫፍ ካለው ዋርካ ሥር ቆሞ የወገኑን ዳር ይጠብቃል፤ ሩሯ ያን ዳር ካለፈች ወገኑ ተሸነፈ ማለት ነው። ላቀው ሩሯን እየነዳ ሲበር ይመጣና እዚያው ዋርካ ሥር ይቀራል። ሁልጊዜ!

«አንድ ቀን አልፍሃለሁ» ይላል እያነከሰ።

«እኔም የትም አልሄድ» ይላል እንዳለው እየሳቀ።

ሄደ እንጂ። ጣልያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሲሠራ እንዳለው ጠመንጃውን ይዞ ዱር ገባ። ላቀውም አብሮ ሊወጣ ስንቁን ቋጥሮ ነበር፤ የመለሰው እንዳለው ነው። «ሁለታችንም ከሄድን እርሻውን ለማን እንተወዋለን?» አለው። ላቀው የሁለት ቤት እርሻ እያረሰ ቀረ። የእንዳለውን እህል ወቅቶ ለሚስቱ ለእማዋይሽ ጎተራ ያስገባላትና ወደ ቤቱ ይመለሳል። እሱ ትዳር አልያዘም፤ ቤት ሲገባ የሚያናግረው በሬዎቹን ነው። ብቸኝነት ክፉ ነው፤ ቀን ሥራ ይሸፍነዋል፣ ሲመሽ አብሮ እራት ይቀርባል።

በሠላሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት ኅዳር ጽዮን ስትውል፣ ሰው ቢሳሳም ሩሯ ወጣች። ላቀው ዱላውን ይዞ ከች አለ።

«አቻህስ?» አሉት አያ ዘሩ።

«ለገና እደርሳለሁ ብሎ ልኮብኛል።»

«ጎደሎ እንደማይከፈል ታውቃለህ፣ ልጄ። ከሌላ ሰው ጋር ቁም።»

«እጠብቀዋለሁ፣ አያ።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። በሚቀጥለው ሰንበትም እንዲሁ፣ ከዚያ በኋላም እንዲሁ። ለመኑት፣ ሳቁበት፣ በመጨረሻ ተዉት። ግትር ነው፤ ግትርን ምን ታደርገዋለህ? ጨዋታው አልቆ ሰው ሲበተን፣ እሱ ዋርካው ሥር ሄዶ ትንሽ ቆም ይልና ወደ በሬዎቹ ይመለሳል።

ገና ደረሰ። ቅዳሴ አልቆ ሰው መስኩን ሞላው። እማዋይሽ ነጠላዋን አጣፍታ ከሴቶቹ ጋር ቆማለች፤ ዓይኗ ግን መንገዱ ላይ ነው። የላቀውም ዓይን እዚያው ነው። በዚያ መንገድ የመጣው ግን ሙጬ ሆነ፤ የአገሩ ልጅ፣ ለጣልያን ያደረ፣ የቡሬ ምሽግ ዘበኛ። ለበዓል ተፈቅዶለት ነው። ማንም አጠገቡ አልቆመም። እሱም ዱላውን እየጎተተ ወደ ላቀው መጣ።

«እኔም አቻ የለኝም» አለ። «አብረን እንቁም።»

«እኔ አቻ አለኝ።»

ሙጬ መሬት መሬት አየ። «የለህም፣ ላቀው። ደምበጫ መንገድ ላይ ወድቋል። በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

ላቀው ተነሣና ብቻውን የጨዋታ አባቶቹ ፊት ቀረበ።

«ይክፈሉን፣ አያ ዘሩ» አለ። «ግራርና ወይራ ነን።»

አያ ዘሩ ከጎኑ ያለውን ባዶ ቦታ አዩ፤ ፊቱንም አዩ። ሽማግሌ ናቸው፤ ገባቸው። ጎደሎ አይከፈልም ብለው የከረሙት እሳቸው ወደ አያ መንበሩ ዞረው «ምረጥ» አሉ።

«ግራር» አሉ አያ መንበሩ።

«እንግዲህ ወይራ የኔ ነው።» አሉ አያ ዘሩ። ወደ ወገናቸው ተመልሰው «ዋርካው ሥር ሰው አለን፤ ማንም እንዳይቆም» አሉ።

ያኔ እማዋይሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ሩሯ ተጣለች። ብዙም ሳይቆይ ከላቀው ዱላ ሥር ገባች፤ እሱም እየነዳት በረረ። አንዱን አለፈ፣ ሁለተኛውን አለፈ፣ ዋርካው ሥር ደረሰ። ከፊቱ ማንም የለም። ያን ሁሉ ዘመን የተመኘው ዳር እጁ ላይ ነው፤ አንድ ጊዜ መምታት ብቻ።

እንዳለው ይቆምበት ከነበረው የዋርካው ሥር አጠገብ ሲደርስ ሩሯን በዱላው አስቆማት። ሰው ሁሉ ያየዋል። እንባው ጉንጩ ላይ ይወርዳል፣ አልጠረገውም።

«አላለፍሁትም፣ አያ ዘሩ» አለ። ሩሯን እዚያው ትቶ ተመለሰ።