የምድጃ ሠራተኛዋ እናት

ልክነሽ የሸክላ ሠሪ ልጅ መሆኗን አርባ ምንጭ ውስጥ የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱኑም በመንገሯ ጣቷን ስትነክስ ኖረች።

ተወልዳ ያደገችው ከገረሴ ወዲያ፣ ሸክላ ሠሪ ከሌላው ጋር በአንድ ገበታ በማይቀርብበት ቀዬ ነው። ወደ አርባ ምንጩ ሲቀላ ሰፈር ስትወርድ የኋላዋን እዚያው ትታ መጣች። በ2008 ዓ.ም. በአንድ የምርምር ማእከል የሙከራ ምድጃ ሠራተኛ ነበረች። ምሳ ከባልደረቦቿ ጋር ከአንድ ትሪ ትበላለች። ለሌላው ተራ ነገር ነው፤ ለእሷ ግን ከደመወዟ ይልቅ የሚያኮራት ይኸው ነበር።

ይበልጣል የሚባል ወጣት ተመራማሪ በፈሳሽ ፋንታ ጠጣር ነገር በሆዱ የያዘ የሊቲየም ባትሪ ለመሥራት ይታትር ነበር። ጠጣሩ ነገር እንደ ሳንቲም ተጨፍልቆ የሚተኮስ ዱቄት ነው። ከምድጃ ሲወጣ ግን ሁሌም ስንጥቅጥቅ ይላል። ሊቲየሙ በሙቀቱ በኖ ያልቃል፤ ባትሪውም ጥቂት ጊዜ ተሞልቶ ይሞታል። ስምንት ወር ሙሉ እንዲሁ ሆነ። ሰውዬው ሲከሳ ልክነሽን አሳዘናት። ማዘን ደግ ነው፤ ለማን እንደሚታዘን ማወቅ ግን ከዚያም የተሻለ ነበር።

“እናቴ ስስ ዕቃ ስትተኩስ አሮጌ እንስራ ውስጥ ከትታ በተፈጨ ገል ትቀብረዋለች። እሳቱ የሚበላውን ከዱቄቱ ይበላል” አለችው። “አንተም ሳንቲምህን በራሱ ዱቄት ቅበረው።”

ከዚያ የእናቷን ሙያ ለማንም እንዳያነሳ ለመነችው። በእናቱ ስም ማለላት።

ቀበሩት። ሳንቲሙ አንድ ስንጥቅ ሳይኖርበት ወጣ፤ ባትሪው መቶ ጊዜ ተሞልቶም አልደከመም።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። ውጤቱ በቀረበበት ቀን ይበልጣል መድረክ ላይ ወጥቶ፣ ዘዴው የተገኘው ከምድጃ ሠራተኛቸው እናት፣ ከአንዲት የገረሴ ሸክላ ሠሪ መሆኑን እየሳቀ ተናገረ። አዳራሹ አጨበጨበ። ማእከሉ ያለው የምድጃ ሠራተኛ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ጥናቱ ላይ የልክነሽ ስም የለም።

ደጅ ጠብቃ ያዘችው።

“ምን አደረግኩሽ? ስምሽን እኮ አልጠራሁም” አላት።

ከሁሉ ያቃጠላት የበደለ አለመምሰሉ ነው። ጥላው ሄደች።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ሚሪያም እንደ ወትሮዋ ትሪውን ዘረጋች። ከልክነሽ ጋር ሦስት ዓመት አብራ የበላች ሴት ናት። ዓይኗን ሳታነሳ ከቦርሳዋ ትንሽ ሳህን አወጣች፤ ወጡን በርከት አድርጋ ጨልፋ ከትሪው ራቅ አድርጋ አስቀመጠችው።

“ላንቺ ለብቻሽ ነው፤ እንዳያንስሽ ብዬ” አለቻት።

ልክነሽ ሳህኑን አንስታ ወደ ምድጃው ክፍል ገባች።