የአባዬ ትልልቅ ጎማዎችና የሪራ ቁልቁለት

ስሜ ወጣ! ዛሬ ጠዋት የኮሌጁ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ «አውቶ መካኒክ» ከሚለው ርዕስ ሥር፣ በወንዶች ስም መሀል፣ «ሲፈን ግርማ» የሚል ተጽፎ አየሁ። እንዳይጠፋብኝ ጣቴን ላዩ ላይ አድርጌ ቆምኩ። ከኋላዬ የነበረ አንድ ልጅ «እህት፣ የሂሳብ አያያዝ የተለጠፈው በዚያ በኩል ነው» አለኝ። «አመሰግናለሁ፣ የኔ በዚህ በኩል ነው» አልኩትና ሮቤን ከዳር እስከ ዳር በሩጫ አቋርጬ ቤት ገባሁ። እማዬ እልል አለች። አባዬ ደግሞ በር ላይ ቆሞ ሳቀና «ይሄ ሁሉ የመጣው በነዚያ ጎማዎች ነው» አለ።

እውነቱን ነው፤ ስለዚህ ስለ ጎማዎቹ እጽፋለሁ። ስለ መኪና ጎማና ጥርስ ደግሞ ትዝታ ይጻፋል ወይ የሚል ካለ፣ ይጻፋል። ይኸው።

አባዬ ሾፌር ነው። ከጎባ ተነስቶ፣ የሳነቴን አምባ አቋርጦ፣ ሪራና ሃረና ድረስ ሰውና ዕቃ ያመላልሳል፤ ሲመለስ ማርና ቡና ይጭናል። መኪናው በአራቱም ጎማ የምትጎትት አሮጌ ፒካፕ ናት። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ክረምቱ ከበደና ጫካው ውስጥ ሆዷ ጭቃው ላይ እየተቀመጠ አስቸገረው። አንድ ቀን ጎሚስታ ዘንድ ወስዶ ትልልቅ፣ ጥርሳም ጎማዎች አስገጥሞላት መጣ። በአንድ ጀምበር ቁመት ጨመረች። ተሳፋሪው መወጣጫ ስላጣ አባዬ የለስላሳ ሳጥን ይዞ መዞር ጀመረ። የሪራዋ የማር ነጋዴ አዴ ፋጡማ ሳጥኑ ላይ ቆመው «ግርማ፣ መኪና ነው ወይስ ግመል ያመጣህልን?» ሲሉት ደስ ብሎት ነበር።

ደስታው ዳገቱ ድረስ ነበር።

ጎባ ላይ ሾፌር የሚለካው በማርሽ ነው። መናኸሪያ ሲገናኙ የመጀመሪያው ጥያቄ «በስንተኛ ወጣህ?» ነው። ከጎባ እስከ ሳነቴ ያለውን አቀበት ማለታቸው ነው። ያ አቀበት ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ሰውም ሞተርም ትንፋሽ ያጥረዋል። አባዬ ለዓመታት «በሦስተኛ» ብሎ ሲመልስ የኖረ ሰው ነው። ጎማው ከተቀየረ በኋላ መኪናዋ በሁለተኛ እየጮኸች መውጣት ጀመረች። ሲጠይቁት «ጉም ነበር» ይላል። በማግስቱም ጉም ነበር። ጓደኛው ጋሽ በየነ፣ እሱም ሾፌር ነው፣ «ያንተ ጉም ደግሞ ከማርሽ ጋር ምን አጣላው?» እያለ ሰው ፊት ያስቅበት ነበር። አንዱ ሞተሩ አርጅቷል አለ፤ ሌላው ፍሪሲዮኑ አልቋል አለ፤ ናፍጣው ነው ያለም አልጠፋም።

ሮቤ ያለው መካኒካችን ጋሽ ከማል ግን ገና ሲያያት ሳቀ። «ኦቦ ግርማ፣ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ትልቅ ጎማ አንዴ ሲዞር ረጅም መንገድ ይሄዳል፤ ሞተሩ ያንን ሁሉ የሚገፋው ለትንሽ ጎማ በተሠራ ዲፈረንሻል ነው። ወይ የድሮውን ጎማ መልስ፣ ወይ የዲፈረንሻሉን ጥርሶች እንቀይር። የፊቱንም የኋላውንም።» ጎማውን የሚያዞሩት እነዚያ ጥርሶች ሮቤ አይገኙም፤ ከሻሸመኔ ወይ ከአዲስ አበባ ተፈልገው እስኪመጡ መኪናዋ መቆሟ ነው። ያውም የሃረና ቡና ሊደርስ ሲል፣ ነጋዴው ሁሉ መኪና በሚፈልግበት ሰዓት።

አባዬ አሰበበትና ተወው። «ዝግ ብላ ትውጣ። በሁለተኛ በመውጣት የሞተ ሰው የለም» አለ።

እኔ ትምህርት ሲዘጋ አብሬው እሄድ ስለነበር ያንን መንገድ በጆሮዬ አውቀዋለሁ። የሳነቴ ሜዳ ሲያልቅ መሬቱ ድንገት ይከዳል፤ ከጅብራ ተክሉና ከብርዱ ወጥቶ ቁልቁል፣ በጥምዝ ላይ ጥምዝ፣ ሽበት የመሰለ ሐረግ ወደ ተንጠለጠለባቸው ዛፎች ይወርዳል። ድሮ አባዬ ማርሹን ያስገባና እግሩን ከፍሬኑ ያነሳል፤ ሞተሩ ራሱ እያጉረመረመ መኪናዋን ይይዛታል። ያ ማጉረምረም ለእኔ እንደ እሹሩሩ ነበር። አሁን ግን ማጉረምረሙ ሳስቷል። የአባዬ እግር ከፍሬኑ አይነሳም። ሪራ ስንደርስ የተቃጠለ ጨርቅ የመሰለ ሽታ ይከተለናል፤ ባለሻይ ቤቷ ማድቤቴ ነው ብላ ሮጣ ትገባለች።

«አባዬ፣ ሁላችሁም የምታወሩት ስለ ዳገቱ ነው። ቁልቁለቱስ?» አልኩት።

«ፍሬን ይሸታል እንጂ ሰው አይበላም። አንቺ ትምህርትሽን አጥኚ» አለኝ።

አጠናሁ። ፊዚክስ ነበር ያጠናሁት። ዳገት ላይ የሚገፋው ጉልበት ካነሰ ቁልቁል የሚይዘውም ያንሳል፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

እናም አንድ ቀን ጋራዡ ውስጥ፣ አባዬ፣ ጋሽ በየነና ጋሽ ከማል ቆመው ስለ ፍሪሲዮን ሲነጋገሩ፣ መሀላቸው ገብቼ ይህንኑ ተናገርኩ። ጋሽ በየነ እስክጨርስ እንኳ አልጠበቀኝም።

«ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ በሞቴ ከዚያ ማዶ ሻይ አምጪልን።»

«ሻይ ቤቱ ያውና ጋሽ በየነ። እኔ እየተናገርኩ ነው።»

«ግርማ! አለቃ ቀጥረህ ነው እንዴ የመጣኸው?»

አባዬ ጆሮው ቀላ። «ሲፈን፣ ተይ፣ በሰው ፊት» አለኝ። እኔ ግን ከቆምኩበት አልነቃነቅ አልኩ። «እሺ፣ እተዋለሁ። እኔ ካሁን በኋላ አብሬህ አልወርድም። አዴ ፋጡማን ግን ይዘህ ትወርዳለህ።»

ጋሽ ከማል እጁን በጨርቅ እየጠረገ «የዳገቱን ስለጠየቅከኝ የዳገቱን መለስኩልህ እንጂ፣ ወላሂ ልጅቷ ያለችው ልክ ነው» አለ። አባዬ እኔን ሳያይ ወደ መኪናው ሄደ። በሩን ከፍቶ ነው የተናገረው። «ነይና አሳዪኝ።»

በማግስቱ ወጣን። ጋቢና ውስጥ እኔ መሀል፣ አዴ ፋጡማ በመስኮቱ በኩል። እማዬ ጭኮ ቋጥራልን ስለነበር ሳነቴ ላይ በረዶው ጣሪያውን ሲደበድበው እየተካፈልን በላን። ፍልፈሎቹ ከየጉድጓዳቸው ብቅ ብለው ይገባሉ፤ በነሱ ብርድ በረደኝ። ሜዳው ሊያልቅ ሲል አባዬ ቆመ።

«በፊት በምትወርድበት ማርሽ ውረድ። ፍሬን ሳትነካ» አልኩት።

ለቀቃት። የመጀመሪያውን ጥምዝ ደህና ዞረች። ሁለተኛው ጋ ስንደርስ ፈጠነች፤ ቀጥታው ላይ ደግሞ ጭራሽ አመለጠች። አባዬ ታገሰ፣ ታገሰ፣ ገደሉ በመስኮቱ ሲመጣ ረገጠ። ሁላችንም ወደ ፊት ሄድን። አዴ ፋጡማ ሙስበሃቸውን እየቆጠሩ ነበር።

«አዴ፣ ዛሬ ምነው ዝም አሉ?» አላቸው አባዬ።

«ዱአ ላይ ነኝ።»

«እዚህ ጋ እኮ ሁልጊዜ ይተኙ ነበር።»

«ድሮ ነዋ! ይህን ጎማ ካመጣህ ወዲህ ከዚህ እስከ ሪራ ዓይኔን ጨፍኜ አላውቅም። አላህ ይስጥህ፣ ዱአ አስለመድከኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ሾፌር ይከፋዋላ፣ ልጄ።»

ሪራ ላይ አባዬ መኪናዋን አቆመ። ወርዶ የፊቱ ጎማ ላይ ከጀሪካን ትንሽ ውኃ ሲያፈስ ብረቱ ችስ ብሎ ጮኸ። ቆሞ እንፋሎቱን አየ። ከዚያ ሻይ ቤት ገብቶ ተቀመጠና ለብርጭቆው የሚናገር ይመስል «ቶሌ» አለ። እሺ ማለቱ ነው። «የፊቱንም የኋላውንም።»

መኪናዋ ጋራዥ ገባች። መናኸሪያው «የግርማ መኪና አራስ ቤት ገባች» ብሎ ተሳለቀ። ደንበኞቹን ሌሎች ወሰዱ። አባዬ ደጃፍ ላይ እየተቀመጠ የሌሎችን መኪና ድምፅ ያዳምጥ ነበር፤ ያኔ ብቻ ነው የፈራሁት። የኋላው ጥርስ ቀድሞ ሲገኝ ጋሽ በየነ «እሱን ግጠምና ተነስ፤ የፊቱን ማን ያይብሃል?» አለው። ጥርሳቸው ካልተመሳሰለ ግን፣ ጭቃ ላይ የፊቱ ሲገባ፣ አንዱ ቶሎ ሌላው ዝግ ልዙር ብለው ሁለቱ ይጣላሉ፤ የሚሰበረው ደግሞ ብረት ነው። አባዬ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። «እንጠብቃለን» አለ በራሱ።

የፊቱ ሲመጣ ጋሽ ከማል ጠመኔ ሰጠኝ። ጎማው ላይ ምልክት፣ ከካምቢዮው፣ ከማርሽ ሳጥኑ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በሚሄደው ረጅም ብረት ላይም ምልክት አድርጌ፣ ጎማው አንዴ ሲዞር ብረቱ ስንቴ እንደሚዞር እንድቆጥር። ከፊትም ከኋላም ቆጠርኩ፤ እኩል ሆነ። ግራሶ እስከ ክርኔ ድረስ ነበር፤ ያን ቀን መስታወት ውስጥ ራሴን በጣም ወደድኩት።

የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ሞተሩ እንደ ድሮው አጉረመረመ። አባዬ እግሩን ከፍሬኑ አንስቶ አየር ላይ አወዛወዘው። «እዪው ሲፈን! እግሬ ሥራ ፈታ!»

ሁሉ ነገር ደግሞ አማረ አልልም። የሄዱት ደንበኞች ሁሉ አልተመለሱም። ከጎባ ሮቤ ባለው አስፋልት ላይ ጥርሱ ከተቀየረ ወዲህ ሞተሩ ቶሎ ይጮሃል፣ ባጃጅ ሳይቀር ጥሎን ይሄዳል። ይሂድ! አስፋልት ላይ መቀደም ሪራ ላይ ከመንከባለል ይሻላል።

ሴት ልጅ በዲፈረንሻል ምን አገባት የሚሉኝ ዛሬም አሉ፤ ጠዋት ሰሌዳው ጋ ያ ልጅም ሳይናገር ብሎኛል። መልሴ አንድ ነው፦ አብሬ የምወርደው እኔ ነኛ። መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያገባዋል።

ጋሽ ከማል የስሜን መውጣት ሰምቶ አሁን ደወለልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ጋራዡ ውስጥ የአንድ የገሰራ ገበሬ ትራክተር ይከፈታል፤ «ብቻሽን አትምጪ፣ ማየት የምትፈልግ ልጅ ካለች ይዘሻት ነይ» ብሎኛል። ስለዚህ ሮቤም ጎባም ያላችሁ፣ ይህን ያነበባችሁ ልጆች፣ ኑ። አሮጌ ልብስ ልበሱ፣ ፀጉራችሁን እሰሩ። ማንንም አታስፈቅዱ አልልም፤ ግን «ምን ልታደርጊ?» ካሏችሁ፣ ጥርስ ልቆጥር በሏቸው።