በእኛ ቤት ማን ይሸምናል?

ጂንካ ወንዙ ዳር ያለውን የሸማኔ ሰፈር ያቀናነው እኛ ከጋሞ ደጋ የመጣን ሰዎች ነን። ከእኛ በፊት ሸንበቆና ትንኝ ብቻ ነበር ይባላል። ወንዶቹ የመሸመኛ ጉድጓድ ቆፈሩ፣ እኛ ሴቶቹ ፈተልን። በደርግ ጊዜ ደግሞ ሁላችሁም ማህበር ግቡ ተባልን። ከዚያ ወዲህ ድሩ ከፋብሪካ በመኪና ይመጣል፤ ማህበሩ ለአባላቱ ያከፋፍልና የተሸመነውን መልሶ ይረከባል። ወሩ ሲያልቅ ያላስረከበ ሰው ድሩም የሥራ ቦታውም ለሌላ ይሰጥበታል።

የሰፈሩ ልማድ ግን ከማህበሩ ሕግ ይብሳል። ሴት ትፈትላለች እንጂ አትሸምንም። ጉድጓዱ ውስጥ እግሯን ከትታ ከተቀመጠች ለባሏ ነውር ነው። ስለዚህ ከአንድ ቤት ሽመና ከተሰማ እዚያ ቤት ወንድ አለ ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም።

ቀበሌው ባሌን ለብሔራዊ ውትድርና ሲጠራው ወደ አሪ አገር፣ ወደ ገዘር ሸሸ። ጋቢ ሲሠራለት የተወዳጀው አንድ የአሪ ገበሬ ደበቀው። እኔ ለጠየቀኝ ሁሉ «ለቅሶ ሄዷል» እላለሁ። ከተጋባን ገና ሁለት ዓመታችን ነበር። ውሻ በጮኸ ቁጥር ተነስቼ በበሩ ቀዳዳ አያለሁ። ድሩ ደግሞ እንደተወጠረ ቀርቷል፣ ወሩም ሊያልቅ ነው። ቦታውን ከተነጠቅን ሲመለስ በምን ይኖራል? እኔ አባቴ አጠገብ ማግ በቀሰም እያጠነጠንኩ ያደግኩ ነኝ፤ እጄ ባይለምደውም ዓይኔ ሽመናን ያውቃል። በሩን ዘግቼ ጉድጓዱ ውስጥ ገባሁ። ቀስ ብዬ ብሠራ ማንም አይሰማኝም ብዬ! ሞኝ!

በሦስተኛው ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ መጣ።

«ባልሽን አውጪው!»

«የለም፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ታዲያ የሚሸምነው ሰይጣን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

ሳቁብኝ። «እስቲ ግቢና እንይሽ» አለኝ ሊቀመንበሩ። ኧረ የዚያን ቀን እፍረት! ሦስት ወንዶች ቆመው እያዩኝ ጉድጓዱ ውስጥ ገባሁ። ድሩ ሁለቴ ተበጠሰብኝ፤ እየቋጠርኩ አንድ ስንዝር ያህል ሸመንኩላቸው። ሊቀመንበሩ «ወይ ጉድ፣ ዘንድሮ የማይታይ የለም!» እያለ ወጣ። እኔም ተገላገልኩ ብዬ ጌታን አመሰገንኩ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ለካ ወሬው በገበያተኛ አፍ ገዘር ደርሷል። ባሌን «ቤትህ ሽመና ይሰማል» ብለውታል። ይህችኑ ብቻ። ሌላ ምን ይጨምሩበት?

በጠራራ ፀሐይ መጣ። እኔ ልብስ ላጥብ ወንዝ ወርጄ ነበር። ሸማኔ የራሱን እጅ ሥራ አይስተውም፤ ጨርቁን ዳሰሰው፣ የሱ እጅ አይደለም። ጎረቤቴ እንደነገረችኝ በር ላይ ወጥቶ «ማነው? እቤቴ የገባው ማነው?» እያለ ጮኸ። የተደበቀ ሰው ይጮኻል? እሱ ግን ጮኸ። ከወንዝ ስመለስ እነዚያው ሁለት ጠባቂዎች ግራና ቀኝ ይዘውታል።

«እኔ ነኝ የሸመንኩት! እኔ ነኝ!» አልኩት።

«ሴት አትሸምንም» አለኝ። ፊቴን እንኳ አላየም።

አንደኛው ጠባቂ ላይ ተጠመጠምኩበት። «አንተ አይተኸኛል! በዓይንህ በብረቱ አይተኸኛል፣ ንገረው እንጂ!»

ጠባቂው መሬት መሬቱን እያየ «ዞር በይ፣ የምልምሎቹ መኪና ሊሄድ ነው» አለኝ። አንዲት ቃል ነፈገኝ። እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም፣ ወደፊትም አልለውም።

ደርግ ወድቆ ወታደሩ ተበትኖ ሲገባ ያገኘሁትን ሁሉ ስለ ባሌ ጠየቅኩ። አንድ የዚሁ የእኛ አካባቢ፣ የካኮ ሰው ሰሜን ጦር ግንባር አብሮት እንደነበረ፣ እንዴት እንደሞተም ነገረኝ።

«ስለ እኔ ያነሳ ነበር?» አልኩት።

ሰውየው ሊሄድ ተነሳ። አጥብቄ ያዝኩት።

«ሚስት አለህ ወይ ስንለው ‹ነበረችኝ› ይለን ነበር» አለኝ።