የቤቱ ትእዛዝና የሱቁ ትእዛዝ

የፅጌ ማርያም ጣቶች ከቁልፍ ቁልፍ ይሮጣሉ። ዓባይ ማዶ ካለው ቤታቸው፣ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣ፣ የሁለት ኮምፒውተር ትእዛዝ ወደ አንድ ፋይል እየገለበጠች ነው። አንዱ ይህ አሮጌ የቤት ላፕቶፕ ነው። ሌላው ከድልድዩ ወዲያ፣ ሐይቁ ዳር፣ ተቀጥራ በምትሠራበት በዘይነት የጽሕፈት ሱቅ ያለው ነው። ሁለቱም ገና ሲነሡ የሚያነቡት የትእዛዝ ፋይል አላቸው፤ ፊደሉ ምን ያህል ይተልቅ፣ የትኛው ቁልፍ ምን ይጻፍ፣ የትኛው ፎልደር ይከፈት፣ ይጸዳ። እዚህ ያስተካከለችው እዚያ አልሠራ እያለ ዓመት ሙሉ ሲያማርራት ኖሯል። ዛሬ በጠዋት ተነሥታ አንድ ታደርገው ጀመር፤ አሁን ጨረሰችና ወደ ኢንተርኔት ላከችው። የሱቁ ኮምፒውተር ሲከፈት ራሱ አውርዶ ይፈጽመዋል።

አያቷ ወይዘሮ ወለተ ኪዳን አጠገቧ ቆመው በመነጽራቸው ያያሉ። ፊደል የቆጠሩት በስድሳ ዓመታቸው ነው፤ ያስቆጠረቻቸውም እሷው ናት።

«እነዚህ ሁለቱ ይጣላሉ ስትዪ ነበር። የትኛውን ጣልሽው?»

«አንዱንም አልጣልሁ፣ እናና። አባባ ሲተረጉሙ አንዱን ተናግረው፣ ‹አንድም› ብለው ሌላውን ይጨምሩ አልነበር? እኔም ሁለቱንም አቆምሁ።»

«አባባሽማ ሰሚው ያስተውላል ብለው ነው። ይህ ዕቃሽ ያስተውላል?»

ፅጌ ማርያም ልትስቅ ስትል ዓይኗ ከአንድ መስመር ላይ ዐረፈ።

አያስተውልም። ያገኘውን ሁሉ በተራ ይፈጽማል። የቤቱ ላፕቶፕ ቦታ ስለሚጠበው፣ በተነሣ ቁጥር «ረቂቅ» የሚባለውን ፎልደር ባዶ እንዲያደርግ አዝዛው ነበር። እዚህ «ረቂቅ» ውስጥ የሚገባው ውዳቂ ነው። ሱቅ ባለው «ረቂቅ» ውስጥ ግን አባባ የምትላቸው የወንድ አያቷ የመምህር መርስዔ ኀዘን ቃል አለ። ሰባት ወር ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከሱቁ ወንበር ተቀምጠው የነገሯት የዳዊት ትርጓሜ ነው። ሲያልቅ እገለብጠዋለሁ እያለች ሌላ ቅጅ አላስቀረችም። ከሁዳዴ ወዲህ ደግሞ የመምህር አንደበት ተይዟል። ይኸው ከአልጋቸው ሆነው በዓይናቸው ይከተሏታል።

«ስንት ሰዓት ነው እናና?»

«ሁለት ሰዓት አለፍ ብሏል።»

ዘይነት ሱቅ የምትከፍተው ሁለት ተኩል ነው። ፅጌ ማርያም መስመሩን አጥፍታ መልሳ ልትልክ ስትል ኔትወርኩ ተቋረጠ። ስልክ ሞከረች፤ እሱም እምቢ አለ። የሱቁ ኢንተርኔት ግን በገመድ ነው፤ አይቋረጥም። ነጠላዋን እንኳ ሳታነሣ ወጣች።

የተሳፈረችበት ባጃጅ ድልድዩ አፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከፊቱ ባጃጅ በባጃጅ ላይ ተደርድሯል።

«ወንድሜ፣ በሞቴ እለፍልኝ!»

«በምን ልለፍ እቱ፣ ክንፍ የለው። ሐይቁ እንደሆነ አይሸሽም!»

ወርዳ ሮጠች። ከድልድዩ በታች ዓባይ ዝም ብሎ ይወርዳል። የመምህር ድምፅ በጆሮዋ ነው፤ ሳል እያቋረጣቸው፣ «ጻፍሽ? እስኪ መልሰሽ አንብቢልኝ» ሲሉ።

ስትደርስ የሱቁ በር ተከፍቷል። ዘይነት ሻሿን እያስተካከለች ቆማለች፤ ከጎኗ የኮምፒውተሩ መብራት በርቷል። ፅጌ ማርያም ጠረጴዛው ሥር ገብታ የመብራቱን ገመድ ከግድግዳው ነቀለችው።

«ያ አላህ! ምን ሆነሻል? እባብ ገባ?»

«መቼ ነው የከፈትሽው?»

«አሁን! ጣቴን ገና ማንሣቴ ነው። ደግሞ ባዶ ራስሽን፣ አንድ ጫማ ብቻ አድርገሽ...»

ፅጌ ማርያም እግሯን አየች። አንዱ ጫማ የት እንደቀረ አታውቅም። አዲሱ ትእዛዝ እንዳይወርድ የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀለችና ኮምፒውተሩን መልሳ አበራችው። ያ ሲሮጥ የነበረ ጣቷ አሁን አንድ ቁልፍ መጫን አቃተው። ዘይነት ነገሩ ባይገባትም ትከሻዋን ያዘቻት።

«ረቂቅ» ተከፈተ። የመጀመሪያው መዝሙር አለ። ወደ ታች ወረደች። ከሁዳዴ በፊት የተጻፈው የመጨረሻው መስመርም አለ፤ «አንድም» ይልና ሳይጨርስ ይቆማል።

«ካለ ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?» አለች ዘይነት።

«ዝም በይና ፍላሽ አምጪ።»

«እዘዢኝ፣ እመቤቴ!»

በሦስት ፍላሽ ገለበጠችው። አንዱ ከዚያን ቀን ወዲህ በወይዘሮ ወለተ ኪዳን መቀነት ጫፍ ተቋጥሮ ይውላል። የትእዛዙን ፋይል ግን ሦስት ቦታ ከፈለችው፤ የጋራው ለብቻ፣ የቤቱ ለብቻ፣ የሱቁ ለብቻ። ከዚያም ቁም ጸሐፊዎች በብራናው መጨረሻ አንባቢውን እንደሚለምኑት፣ እሷ ከፋይሉ ራስ ላይ ይህን ጻፈች፦

«ይህን የምታነብ ሆይ፣ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ከመውሰድህ በፊት እያንዳንዱን መስመር ‹የማን ቤት ነህ?› ብለህ ጠይቅልኝ። የምትወደው ሰው ቃል በእጅህ ካለ ደግሞ፣ እባክህ፣ ማንበቡን ተወውና አሁኑኑ ሁለተኛ ቅጅ አድርግለት።»