በአባቴ ስም የታተመ አሻራ

አባቴን «አንተ» ብሎ የጠራቸውን ሰው ለዓመታት ከልቤ አላወጣሁትም። ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። አርዲቦ ሐይቅ ዳር ያለችን መሬት ለሐይቁ መጠበቂያ ልትለቀቅ ነው የሚል ወሬ መጣ። አባቴ ሊጠይቁ ቢሮ ሲሄዱ ተከትያቸው ገባሁ። የመሬት ባለሙያው በዕድሜ ልጃቸው ይሆናል። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋ ካርታ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አሰመረና «ከዚህ ወዲያ አይታረስም» አለ።

አባቴ ጎንበስ ብለው አዩ። «ጌታው፣ ይህ መስመር መሬት ላይ ሲወርድ ከየት እስከ የት ነው?»

«አንተ ካርታ ማንበብ ታውቃለህ?» ብሎ ሳቀ። አጠገቡ የነበሩትም ሳቁ።

አባቴ በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ዳዊት የደገሙ፣ ቁም ጽሕፈታቸው ዓይን የሚይዝ ሰው ናቸው። ያን ቀን ግን ጋቢያቸውን አስተካክለው ወጡ። መንገድ ላይ «ለሐይቁ ከሆነ ይሁን» አሉኝ። ሽምብራው ሳይደርስ መሬቱን ለቀቅን።

ሁለት ክረምት ሳያልፍ በእኛና በጎረቤቶቻችን መሬት ላይ የእንግዳ ማረፊያ ቆመ። ባለቤቱ የባለሙያው የሚስቱ ወንድም ነው። እናቴ ከሐይቅ ከተማ ገበያ ስትመለስ ያን ግንብ ላለማየት በላይኛው መንገድ ትዞር ጀመር።

መሬት አስተዳደር የተማርኩት አገሬን ልጠቅም ብዬ አይደለም። ሰው ሲጠይቀኝ እንደዚያ እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን፣ ያን ሰው በራሱ ቋንቋ ላናግረው ነበር የፈለግሁት።

ተመርቄ ውጫሌ መሬት ቢሮ ተቀጠርኩ። በሦስተኛው ዓመት ሐይቅ ከተማ ለሥልጠና ተላክን፤ ስለ መሬት አጠቃቀም ዕቅድ፣ ስለ ከተማ መስፋፋትና ስለ አካባቢ ፈቃድ አሰጣጥ። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት አዳራሹ ውስጥ ተቀምጬ አሠልጣኙ ሲገባ አየሁት። እሱ ነው። ፀጉሩ ሸብቷል፣ ኮት ለብሷል፣ ሆዱ ወጣ ብሏል። እኔን አላወቀኝም።

ጥሩ አስተማሪ መሆኑ ነው የበለጠ ያናደደኝ። «ሐይቅ የሚሞተው ከዳሩ ጀምሮ ነው» እያለ ደለሉን፣ ሣሩን፣ የውሃውን መሸሽ ያስረዳል። ሕዝብ ያልመከረበት ፈቃድ ፈቃድ እንዳልሆነ ነገረን። «ፋይል ስትመረምሩ የሰው ስም አትዩ፤ ወረቀቱን እዩ» አለን። አንድም ሳላስቀር ጻፍኩ።

ለተግባር ልምምድ አራት አራት ሆነን ተመደብን። እያንዳንዱ ቡድን ፈቃድ ያገኘ አንድ ሥራ መርጦ ፋይሉን ያያል፣ ቦታው ድረስ ሄዶ ይለካል፣ በመጨረሻው ቀን ያቀርባል። ጓደኞቼ የቱን እንምረጥ ሲሉ «እኔ አንድ አውቃለሁ» አልኩ። ለምን እንደመረጥኩት አልነገርኳቸውም።

ፋይሉን ከመዝገብ ቤት አውጥተን ስናገላብጥ ቃለ ጉባኤው ላይ ደረስን። የሐይቁ ዳር አርሶ አደሮች ተሰብስበው መሬታቸውን ለእንግዳ ማረፊያው በፈቃዳቸው ለቀቁ ይላል። ሰባተኛው ተራ ላይ የአባቴ ስም አለ። ከስማቸው ፊት ለፊት የጣት አሻራ። ከታች ደግሞ ቃለ ጉባኤ የያዘው ሰው ፊርማ፤ የአሠልጣኛችን ፊርማ። መቆጣት ነበረብኝ። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ ያጣሁት ነገር የተገኘ ያህል ደስ አለኝ።

በማግስቱ ቦታው ሄደን ከውሃው ጠርዝ ጀምረን ለካን። እኛ ማሳ ላይ ያረፉት ሽንት ቤቱና ማድ ቤቱ ግንብ መሥራት በተከለከለበት ክልል ውስጥ ናቸው። ስማቸው በዝርዝሩ ላይ ያለ ሌላ ጎረቤታችንን፣ አንድ ሽማግሌ ሼህ፣ ስለ ስብሰባው ጠየቅናቸው።

«የምን ስብሰባ?» አሉ። «ወላሂ ማንም ጠርቶኝ አያውቅ። ለሐይቁ ነው አሉን፣ ኸይር ነው ብለን ወጣን።»

ከዚያ ወላጆቼ ቤት ጎራ አልኩ። «አባዬ፣ ለዚያ መሬት በአሻራ የፈረሙት ወረቀት አለ?»

«የኔ ጣት ቀለም የሚያውቀው ብዕር ይዞ ነው» አሉ። ነገሩን ስነግራቸው «ተይው ልጄ። ለእግዜር ስጭው» አሉኝ።

«እግዜር ፋይል አይመረምርም» አልኳቸው። እንዲህ ዓይነት ቃል ለአባቴ መልሼ አላውቅም። በቁም ጽሕፈት የፈረሙበትን የይዞታ ደብተር ከሣጥን አውጥቼ ይዤ ሄድኩ።

በመጨረሻው ቀን ተራችን ሲደርስ እኔ ተነሣሁ። የማረፊያውን ፎቶ ስለጥፍ የአሠልጣኙ ፊት ተለወጠ።

«ይህን ፋይል ማን መረጠው?»

«እኔ ነኝ መምህር። ስም አትዩ፣ ወረቀቱን እዩ ብለውን የለ?»

ቀልድ የመሰለው አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። የለካነውን አንድ በአንድ አቀረብኩና ቃለ ጉባኤውን ፊቱ አስቀመጥኩለት። «ሰባተኛውን ተራ ያንብቡልን።»

«መነጽር አልያዝኩም» አለ። መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነበር።

«እንግዲያው እኔ ላንብበው።» የአባቴን ስም ጮክ ብዬ አነበብኩ። የይዞታ ደብተሩን ከጎኑ ዘረጋሁ። «እኚህ ሰው ዳዊት የደገሙ ናቸው። ፊርማቸው ይኸው። ይህን አሻራ አላተሙም። ቃለ ጉባኤውን የያዙት ደግሞ እርስዎ ነዎት።»

«የማን ልጅ ነሽ?» አለኝ በቀስታ።

«ካርታ ማንበብ ታውቃለህ ብለው የሳቁባቸው ሰው ልጅ ነኝ።»

ሁሉም እንዲስቁበት ነበር የፈለግሁት። ማንም አልሳቀም። ሥልጠናውን ያዘጋጀችው ሴትዮ ተነሥታ ፋይሉን ከፊቱ ወሰደች፤ እሱም ወረቀቶቹን ሳይሰበስብ ወጣ።

ከዚያ ኮሚቴ መጥቶ እንደገና ለካ። ሽንት ቤቱና ማድ ቤቱ ፈረሱ፣ ፈቃዱ ተሰረዘ፣ ሰውዬውም ከሥራ ታግዶ ፍርድ ቤት ቀረበ። ማድ ቤቱ በፈረሰ ዕለት ፈቃድ ጠይቄ ሄጄ ቆሜ አየሁ። ማንም አላዘዘኝም። ብሎኬቱ ሲወድቅ የሚያሰማውን ድምፅ ወደድኩት።

መሬቱ ግን አልተመለሰልንም። በራሴ ሜትር ስለካው ማሳችን ሙሉ በሙሉ የሐይቁ መጠበቂያ ክልል ውስጥ ነው። ሣር ይሁን፣ አይታረስ የሚለውን የውሳኔ ሐሳብ የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ለአባቴ ስነግራቸው «ታዲያ ምን አገኘሽ?» አሉ።

«እሱን አዋረድኩልዎት።»

«እኔ መሬቴን ነበር የምፈልግ» አሉና ወደ በረቱ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ከእኔ ጋር አውርተው አያውቁም። እኔ ግን አልጸጸተኝም።

ባለፈው መስከረም ከእናቴ ጋር ግሸን ማርያም ስንሄድ አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። እናቴ ልክ ከኋላዬ አንድ ወንበር አገኘች። እኔ ቆሜ ሳለሁ አጠገቤ የተቀመጠ አንድ ሰው ወደ መስኮቱ ተጠግቶ ቦታ ለቀቀልኝ። ዝቅ ብዬ ሳየው እሱ ነው። ከስቷል፣ ኮቱ ሰፍቶታል።

«ነይ ተቀመጭ» አለኝ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ «መንገዱ ረጅም ነው» አለ።

እናቴ ከኋላ ቀሚሴን ጎተተችኝ። «ስለ ማርያም ብለሽ፣ ተቀመጭ።»

አልተቀመጥኩም። ያን ሁሉ ጠመዝማዛ ዳገት ብረቱን ይዤ፣ ከላይ ሆኜ ሽበቱን እያየሁ ቆሜ ወጣሁ። ሌላ ሰው ሊቀመጥ ሲል «ተይዟል» እያለ ቦታውን እስከ መጨረሻው ባዶ አቆየው። ስንወርድ እግሬ ደንዝዞ መራመድ አቃተኝ፤ እናቴም ሳትጠብቀኝ ቀድማኝ ሄደች።