ጥቁር አፈር የገደላት አበባ

የግብርና ባለሙያ ሆኜ ጋዝጊብላ ስመደብ ሁለት ዓመት ሠርቼ እቀየራለሁ ብዬ ነበር፤ ይኸው ስድስተኛዬ ነው። ተራራ መውጣት፣ ሪፖርት መጻፍ፣ ደግሞ ተራራ መውጣት። ኧረ ሰለቸኝ! ጉልበቴም አለቀ።

ከቀበሌው በላይ ባለው ጭንጫ፣ አፈር በሌለበት የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ፣ ክረምቱ ሲወጣ አንዲት ደቃቃ ቢጫ አበባ ትፈነዳ ነበር። ወረዳውን በእግሬ ስዞር ሌላ ቦታ አይቻት አላውቅም። እዚያው ቀፎ ያኖሩ አንድ ሽማግሌ ስሟን በአገሬው ቋንቋ፣ በኽምጣንጋ፣ ደጋግመው ቢነግሩኝም ምላሴ እምቢ አለኝ፤ ይስቁብኛል። የጥቅምት ማራቸው ከእሷ ነበር።

ጥር ላይ የእርከን ሥራ ዘመቻ መጣ። የጭንጫው ድንጋይ ተለቅሞ እዚያው እርከን ሊሠራበት ሆነ። ሽማግሌው ቢሮዬ ድረስ መጡ።

"እባክሽ ልጄ፣ ያችን ቦታ ብቻ ተዉልኝ።"

"አባቴ፣ ዕቅዱ ከላይ የወረደ ነው። አበባዋን ግን እኔ አድናታለሁ፤ እርስዎ አያስቡ" አልኳቸው። ወይ አፍ!

አንዲት እንኳ እንዳትረገጥብኝ ብዬ፣ የደረቀ አገዳዋን እየተከተልኩ ሁሉንም ከነሥራቸው ነቅዬ ችግኝ ጣቢያ ወሰድኳቸው። እኔ የጎጃም ልጅ ነኝ፤ ደግ ነገር ማለት ለእኔ ጥቁር አፈር ነው። ጥቁር አፈር በኮምፖስት ለውሼ ተከልኩ፤ ጠዋት ማታ አጠጣሁ። ቅጠል አውጥተው ደስ ሲለኝ ወዲያው መጠውለግ ጀመሩ። ጠማቸው ብዬ ውሃ ጨመርኩ። ከድጡ ወደ ማጡ። ስነቅላቸው ሥራቸው በስብሶ ይሸታል።

ሄጄ ነገርኳቸው። ቀፎ እየለቀለቁ ነበር፤ ሥራቸውን አቆሙ።

"ሁሉንም ነው የነቀልሽው?"

"ሁሉንም።"

"ጠማት ያለሽ ማነው?"

አልጮኹም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ሰሞን እርከኑ ለሌላው ምሳሌ የሚሆን ነው ተብሎ ስብሰባ ላይ ተጨበጨበልኝ፤ እኔም እጅ ነስቼ ተቀመጥኩ። ዕንቅልፍ ግን አጣሁ።

መስከረም ሲያልቅ፣ ምናልባት ዘሯ ወድቆ ከሆነ ብዬ ወደ ጭንጫው ወጣሁ። ሽማግሌው ቀድመውኛል። ጎንበስ ብለው በእርከኑ መሀል ድንጋይ በድንጋይ ይፈልጋሉ። ሣሩ ጉልበታቸው ደርሷል።

"እንዴት አደሩ አባቴ? እኔም ልፈልግ ነው የመጣሁት፤ አግኝተው ይሆን?"

ወገባቸውን ይዘው ቀስ ብለው ቀና አሉ።

"አይዞሽ ልጄ" አሉኝ፣ "የሚነቀል አልቀረም።"