ቀይ ቀለም ለአዝማሪዋ ስም

የልጅ ልጄ ከፒያሳ የዘፈን ግጥሞች መጽሐፍ ገዝታ መጣች። ስትገልጠው የቀለሙ ሽታ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ወደነበረው የልጅነት ቤቴ ወሰደኝ።

አባቴ ብራና ላይ ዳዊት የሚጽፍ ቁም ጸሐፊ ነበር። የሚያስጽፍ ሲጠፋ ግን ጠጅ ቤት የሰማውን ዘፈን በወረቀት እየገለበጠ አራዳ ገበያ ይሸጥ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አዝማሪዋ እትዬ ጥሩነሽ ከወረቀቶቹ አንዱን ይዛ ቤታችን ገባች። አባቴ ብዕሩን አስቀመጠ።

«እኔ ማንበብ አልችልም፤ ያንብቡልኝ መሪጌታ» አለችው።

አነበበላት። ዓይኗን ጨፍና ሰማችና «ሦስተኛው ስንኝ የኔ አይደለም፤ አበላሽተውታል» ብላ ትክክለኛውን ነገረችው። አጎንብሶ አረመው።

«አሁን ስሜን ይጻፉበት። በቀዩ ቀለም።»

«ቀይ ቀለም ለቅዱሳን ስም ነው። እንዴት አድርጌ የአዝማሪ ስም እጽፍበታለሁ?»

«እንግዲያው ግጥሜን ይመልሱልኝ» አለች፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ።

ግጥም እንዴት እንደሚመለስ እኔ አልገባኝም። አባቴ ግን ገብቶት ኖሮ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ። ከዚያ የቀዩን ቀለም ቀንድ ከፈተና የማርያምን ስም በሚጽፍበት ጥንቃቄ ስሟን ጻፈ። ፊደሉን ባታውቀውም ቀለሙ እስኪደርቅ ድረስ ቆማ አየችው።

የልጅ ልጄ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። ያው ዘፈን ነው፤ ሦስተኛው ስንኝ እንኳ እንደታረመ ነው። ከሥሩ ግን «ደራሲው ያልታወቀ» ይላል።

«ቀይ እስክሪብቶ አለሽ?» አልኳት።